ላብ ያልወጣቸው ምስክር

እስከዚያ ቀን ድረስ በሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ የተናገርኩት የተማሪ ስም ስጠራ ብቻ ነበር። እሱንም ቢሆን ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች «መምህርት፣ አልተሰማንም» እያሉ ያስደግሙኝ ነበር። ደሴ ተወልጄ አደግኩ። ከዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ተመርቄ ሐይቅ ከተማ ለመምህርነት ስመደብ እናቴ ልብሴን እያጣጠፈች «አደራሽን፣ አፍሽን ያዥ፤ ጊዜው የዝምተኛ ነው» አለችኝ። አደራ ማለት አያስፈልጋትም ነበር። ዝምታ ለእኔ ብልሃት ሳይሆን ፍጥረቴ ነው። ይህን የማስቀድመው፣ ከዚህ በታች ያለውን ስታነቡ ደፋር ሴት በዓይነ ሕሊናችሁ እንዳትስሉ ብዬ ነው።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ በአንድ ግንቦት፣ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከሐይቅ ወደ አምባሰል ቆላ ተላክኩ። በወልድያው መንገድ እስከ ውጫሌ በመኪና፣ ከዚያ ቁልቁል በእግር ነው። ሐይቅ ላይ ከውሃው የሚነሳውን ነፋስ ለለመደ ሰው ያ ቆላ ሌላ አገር ነው፤ ከረፋድ በኋላ ድንጋዩ ጫማ አልፎ ያቃጥላል። ያረፍኩት አያ እንድሪስ የሚባሉ ሰባን ያለፉ ገበሬና ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ ቤት ነበር። ልጆቻቸውን ክፉ ቀንና ጦርነት ጨርሶባቸው የቀረላቸው የመጨረሻው፣ ሰይድ ብቻ ነው። እሱም ቀን ከበሬ ጋር ውሎ ማታ ቤቱን በቀልድ የሚያሞቅ ሃያዎቹን ያጋመሰ ጎረምሳ ነበር።

አያ እንድሪስ ከፊደል ተማሪዎቼ ሁሉ ትጉሁ እሳቸው ነበሩ። በዚያ ሙቀት ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው ከፊት ይቀመጣሉ። አይሞቅዎትም ወይ ስላቸው «የሽማግሌ ደም ቀዝቃዛ ነው ልጄ» ይሉኛል። አንድ ቀን ደግሞ «ሰው ማፈርሽስ ይሁን፤ ከፊደሉም ታፍሪያለሽ እንዴ? ሀ ስትዪ እንኳ መሬት መሬት ታያለሽ» ብለው ክፍሉን አሳቁብኝ።

ነገሩ የመጣው በጠመንጃ ነው። ሙሄ የሚባል የቀበሌው ሚሊሺያ መሣሪያው ከቤቱ ተሰረቀበት። ከተራራው ማዶ ወንበዴ ገብቷል እየተባለ በሚወራበት ወቅት የአንድ ጠመንጃ መጥፋት የአንድ ቀበሌ መጥፋት ማለት ነበር። በማግሥቱ ገና ጎህ ሲቀድ ከወረዳው አንድ ካድሬ ታጣቂዎች አስከትሎ ደረሰ። በራችን በእርግጫ ሲመታ ነቃን። አንድ ጎረቤታችን ጫማውን ሊያጠልቅ ቢጎነበስ ማጅራቱን በሰደፍ መቱት፤ ደሙ በአንገቱ ወርዶ ነጭ ሸሚዙን ሲያቀላው አየሁ። ወንድ ሴት፣ ሽማግሌ ሕፃን ሳይለዩ ሁላችንንም እንደ ከብት ወደ ትልቁ አውድማ ነዱን።

ሰይድ ከጎኔ እየሄደ «አውጫጭኝ ሊያደርጉብን ነው» አለኝ። «አውጫጭኝ ታውቂያለሽ?»

«በመጽሐፍ አንብቤያለሁ።»

«መጽሐፉ ፀሐይ ነበረው?»

ከዚያ ቀልዱን ትቶ አስረዳኝ። የድሮ ልማድ ነው። አገር ምድሩ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪወጣ ድረስ ማንም አይበላም፣ ማንም አይወጣም። ሽማግሌዎቹ ከሕዝቡ መሀል እውነተኛ የሚሉትን ሰው በስውር ይመርጣሉ። እሱ «ወፍ» ይባላል። ወፉ የሚያውቀውን ለሽማግሌዎቹ ጆሮ ሹክ ይላል፤ ማን እንደተናገረም አይታወቅም።

«ካድሬው ይህን ልማድ ከየት አወቀው?» አልኩት።

«እሱ እንኳን የሚያውቀው ፀሐዩን ብቻ ነው» አለ ሰይድ።

አውድማው ዙሪያውን በእሾህ የታጠረ፣ በበሬ ኮቴ የተደለደለ ባዶ ሜዳ ነው። ከአጥሩ ውጪ አንዲት ትልቅ ዋርካ አለች። የአውጫጭኙ ሰብሳቢ ሽማግሌ ጋሽ ተገኘ ወደ ዋርካዋ ሲያመሩ ካድሬው መንገዳቸውን ዘጋ። አርባ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ካኪ የለበሰ፣ ሽጉጡን በቀበቶው የሻጠ ሰው ነበር። እጁ ላይ መሀረብ ይዟል።

«ጓድ፣ በአውጫጭኝ ሕግ ሽማግሌ ጥላ ሥር ነው የሚቀመጠው» አሉ ጋሽ ተገኘ።

«ጥላ የሚመረጥለት ሰው ከንጉሡ ጋር ሄዷል። ፀሐይዋ የሁሉም ናት። ግባ!»

ሽማግሌዎቹም ከእኛው ጋር ገብተው መሬት ላይ ተቀመጡ።

መጀመሪያ የተገረፈው ባለጠመንጃው ራሱ፣ ሙሄ ነበር። ሸሚዙን አውልቀው በሕዝቡ ፊት አስተኙት። ሁለት ታጣቂዎች በተራ በጎማ አለንጋ ጀርባውን እየገመሱ «ለማን ሸጥከው?» ይሉታል። ሙሄ አፈር እየነከሰ «ወላሂ ተሰረቅኩ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም። ቆዳው ሲተለተል ከፊት ረድፍ የነበሩ ሕፃናት አለቀሱ፤ እናቶች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሸፈኑባቸው። በመጨረሻ ሙሄን እንደ ጆንያ ጎትተው ከአጥሩ ሥር ጣሉት።

ፀሐይዋ ከፍ አለች። የተናገረ ሰው የለም። ያን ጊዜ ካድሬው በረድፋችን መሀል እየተመላለሰ በእያንዳንዱ ሰው ማጅራት ላይ መዳፉን ማሳረፍ ጀመረ። መዳፉን ያያል፣ በመሀረቡ ይጠርገዋል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

«ሰው በአፉ ይዋሻል» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፤ «በላቡ ግን አይዋሽም። ሌባ ከሆድ ዕቃው ነው የሚያልበው።»

በዚያ ሐሩር ላብ ያልነካው ወጣት ከየት ይመጣል? ሰይድ ጋ ሲደርስ መዳፉ ውሃ እንደነካ ሆነ።

«ምን ያስፈራሃል?»

«ፀሐይ።»

«ሌላውስ ፀሐይ የለበትም?»

«የእኔ ላብ አብዮተኛ ነው ጓድ፤ ስብሰባ ሲጠራ ቀድሞ ይወጣል።»

ጥቂት ሰዎች ሳያስቡት ሳቁ። ካድሬው አልሳቀም። ሰይድን ፀጉሩን ይዞ ወደ መሀል ጎተተውና ከሌሎች እኩዮቹ ጋር አንበረከከው። ከዚያ የሆነውን አሳጥሬ ልናገር። አለንጋው ካለቀበት ቦታ ሰደፍ ጀመረ። አንዱ ልጅ ጣቶቹን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ሲከላከል ጣቶቹ ሲሰበሩ ድምፁን ሰማሁ፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ነው። ሰይድ አንዴም አልጮኸም። አባቱ እንዳይሰሙ ይመስለኛል።

ወደ አያ እንድሪስ ዞር አልኩ። በረድፋቸው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ፀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ቀልቷል። ግንባራቸው ላይ ግን አንዲት ጠብታ ላብ የለም።

ያን ጊዜ አንድ የዩኒቨርሲቲ ከሰዓት በኋላ ትዝ አለኝ። መምህራችን የአንድ ተማሪ ክንድና የክፍሉን ሽማግሌ ዘበኛ ክንድ አዮዲን ቀብቶ፣ ስታርች ነስንሶ፣ ከሚያቃጥል አምፖል ሥር አስቀመጣቸው። ላብ የወጣበት ነጥብ ሁሉ ይጠቁራል። የተማሪው ክንድ በደቂቃዎች ውስጥ ጤፍ የፈሰሰበት መሰለ። የዘበኛው ክንድ ግን እዚህም እዚያም ነጠብ ነጠብ ብሎ ቀረ። ዕድሜ ሲገፋ የላብ ዕጢዎቹ በቦታቸው ቢኖሩም የሚያመነጩት ይቀንሳል፤ ሙቀቱን ከውስጥ ወደ ቆዳ የሚያወጣው የደም ዝውውርም ይደክማል፤ ጥማቱም፣ ሙቀቱም ዘግይቶ ይሰማል። ላብ ማለት ገላ ራሱን የሚያቀዘቅዝበት ውሃ ነው። ላብ የቀነሰበት ሰው ሙቀቱ መውጫ አጥቶ በውስጡ ይከማቻል። ይህን ለፈተና አጥንቼው ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። በሰው ላይ ሳየው ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነበር።

በእንብርክኬ እትዬ ዘሃራ ጋ ደረስኩ። ከነጠላቸው ሥር አንዲት ቅል ውሃ ደብቀው አምጥተው ነበር።

«እትዬ፣ ለአያ እንድሪስ ስጧቸው። ጋቢውንም እናውልቅላቸው።»

«ለእሱማ ምን ሲደረግ?» አሉኝ በሹክሹክታ። «መች ላበው? እዪው፣ እንዴት ረግቶ እንደተቀመጠ። ሙቀት የሚጎዳው የሚያልበውን ነው። ውሃው ለሰይድ ይድረሰው፤ ልጄ ሟሟብኝ እኮ።»

አልተከራከርኩም፤ የምከራከርበት ጊዜም አልነበረም። ታጣቂዎቹ ፊታቸውን ሲያዞሩ ቅሉ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ሰይድ ጋ ደረሰ። እትዬ ዘሃራን ማንም አይወቅስም። በዚያ አገር የላበው ይጠጣል፤ የደረቀው ደህና ነው። ባለቤታቸውን ሳይወዱ ቀርተው አይደለም።

ካድሬው ግን ያንኑ ስህተት በመሣሪያ ይዞት ነበር። ወጣቶቹ ምንም ሳይናገሩ ሲቀሩ ወደ ጋሽ ተገኘ ዞረ።

«ወፍ ምረጥ። ከደረቁት ምረጥልኝ። ግንባሩ የደረቀ ሰው አይዋሽም።» ራሱ በሽማግሌዎቹ መሀል አልፎ የአያ እንድሪስን ግንባር ነካ። «ይህ ነው። እንደ ድንጋይ የደረቀ። ውሰዱት።»

ሁለት ታጣቂዎች ብብታቸውን ይዘው ሲያነሷቸው እግራቸው ተሳሰረ። «ታመዋል» አልኩ። ያልኩ መሰለኝ እንጂ ከጎኔ ያለችው ሴት እንኳ ቀና አላለችም። ከአጥሩ ውጪ ወሰዷቸው። ጋሽ ተገኘና ካድሬው ተከተሉ። ብዙ አልቆዩም። ካድሬው ሲመለስ ፈገግ ብሎ ነበር፤ ጋሽ ተገኘ ግን መሬት መሬት እያዩ ነው የመጡት።

«ወፉ ተናግሯል» አለ ካድሬው። ስሙን በስውር የመያዝ ልማዱን ከምንም አልቆጠረው። «እንድሪስ የጠራው ስም ሰይድ ነው። የገዛ አባቱ መስክሮበታል። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የት አለ? በሕዝብ ፊት ይረሸናል።»

እትዬ ዘሃራ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቀሩ። ሰይድን የፊጥኝ አስረው ዋርካዋ ላይ ሲጠፍሩት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራ፤ ዓይኑ አባቱን ፈለገ። አባቱን መልሰው አምጥተው አጥሩ ሥር አጋድመዋቸዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከሟች ልጆቻቸው ጋር ነበር የሚያወሩት። አንዱን በሬ አስገባ ይሉታል፤ ሌላውን ውሃ አምጣ ይሉታል፤ ደግመው ደጋግመው ሰይድ፣ ሰይድ ይላሉ።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። አውድማው መሀል ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

«ጓድ፣ ምስክርዎ ታመዋል።»

«ምን ትላለች?» አለ ካድሬው ወደ ታጣቂዎቹ ዞሮ። «ለትንኝ ነው የምትናገረው?»

ደገምኩት። ሦስተኛ ጊዜ ስናገር ጉሮሮዬ የተሰነጠቀ መሰለኝ። «ታመዋል! የማያልባቸው ረግተው አይደለም። ያረጀ ሰው ላቡ ያንሳል፤ ሙቀቱ አንጎላቸው ላይ ወጥቷል። የሚናገሩትን አያውቁትም።»

በጥፊ መታኝ። ወደቅኩ። አፌ ውስጥ የጥርሴን ስባሪ በምላሴ ነካሁት፤ ከደም ጋር ተፋሁት። ተነሳሁ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ልንገራችሁ፤ ከተመታሁ በኋላ ማፈሩ ቀለለኝ። ከዚያ በላይ የሚያዩብኝ ነገር አልነበረም።

«ብብታቸውን ይንኩት» አልኩት። «ግንባር ሳይሆን ብብት።»

ካድሬው አልነካም። ከአጥሩ ሥር ወድቆ የነበረው ሙሄ ግን ተንፏቆ ደረሰና እጁን አያ እንድሪስ ጋቢ ውስጥ አስገባ፤ ወዲያው መለሰው። «ያ ረቢ» አለ፤ «ሰውዬው ምድጃ ሆኗል። እየሞተ እኮ ነው ጓድ።»

ካድሬውን ያሳሰበው ይህ የመጨረሻው ቃል ነው። ፊቱ ላይ ሲያሰላ አየሁት። «ምስክሬ ከሞተማ ወረዳው ማንን ይጠይቃል?» አለ። «በይ ሐኪሟ፣ አድኚው። ጀምበር እስክታዘቀዝቅ፣ እስከ ዐስር ሶላት ነፍስ ይዝራ። ከዚያ ቃሉን በሁላችሁም ፊት ይደግማል፤ ልጁም ይረሸናል።»

አያ እንድሪስን ወደ ዋርካዋ ጥላ፣ ሰይድ ከታሰረበት ግንድ ማዶ ወሰድናቸው። እትዬ ዘሃራ ክንዴን ጨብጠው ያዙኝ። ጥፍራቸው ቆዳዬ ውስጥ ገባ።

«ካዳንሽው ልጄን ሊያስገድልብኝ ነው» አሉ። «ካላዳንሽው እሱን አጣሁት። ሲነቃ ያንኑ ስም ቢጠራሳ? እርግጠኛ ነሽ አንቺ?»

«አይደለሁም» አልኳቸው። አልነበርኩምና። ሰይድ ጠመንጃውን ይውሰድ አይውሰድ የማውቀው ነገር የለም። አያ እንድሪስ ያዩት ነገር ይኑር አይኑርም አላውቅም። የማውቀው የዚያን ሰዓት ቃላቸው የበሽታ ቃል መሆኑን ብቻ ነው።

እትዬ ዘሃራ ባለቤታቸውን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ። ሰይድ ከታሰረበት ሆኖ «እማ፣ አባቴን አጠጪው» አለ። ያን ጊዜ ነጠላቸውን አወለቁና ሰጡኝ።

የታጣቂዎቹን ጀሪካን አመጣን። ጋቢውን ገፈን፣ ልብሳቸውን ከፈት አድርገን፣ ነጠላውን እየነከርን አንገታቸው፣ ብብታቸውና ብሽሽታቸው ላይ አደረግን። ሌሎቹ ሴቶች ነጠላቸውን በአራት ማዕዘን ወጥረው ያራግባሉ። አንዷ ውሃ በአፋቸው ልታንቆረቁር ስትል ከለከልኳት፤ ራሱን የሳተ ሰው ይታነቃል። «በገላቸው ይጠጡት» አልኳት። ነጠላው ገላቸውን ሲነካ ይሞቅ ነበር፤ እየጨመቅን እንደገና እንነክራለን። በመሀል ዓይናቸው ተገለበጠ፤ ጥርሳቸው ተጋጨ፤ እጅ እግራቸው መንፈራገጥ ጀመረ። እትዬ ዘሃራ ጭንቅላታቸውን በጭናቸው መሀል ይዘው «አብሽር፣ አብሽር፣ አይዞህ» ይላሉ። አለቀ ብዬ ነበር። ጀሪካኑ አልቆ ሙሄ በዚያ ጀርባው ወደ ወንዙ ወርዶ ሌላ ውሃ ተሸክሞ መጣ። በውሃው ላይ የራሱ ደም ተንጠባጥቦበት ነበር።

የዋርካዋ ጥላ ሲረዝም መንፈራገጡ ቆመ። አስመለሳቸው። ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው ሚስታቸውን አዩ።

«ዘሃራ፣ ነጠላሽስ?»

«አንተ ላይ ነው» አሉ እትዬ ዘሃራ፤ ከዚያም ማልቀስ ጀመሩ።

ካድሬው ሕዝቡን አስነስቶ አቀረበ። ጋሽ ተገኘ አጠገባቸው በርከክ ብለው ጠየቁ። «እንድሪስ፣ ስለ ጠመንጃው የነገርከኝን ድገምልኝ።»

እትዬ ዘሃራ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የቱን ጠመንጃ?»

«የሙሄን።»

«ሙሄ ጠመንጃው ጠፋበት?» አሉ አያ እንድሪስ፤ ቀስ ብለው ዞረው ሙሄን አዩት። «አንተ ደግሞ፣ ሚስትህን እንጂ በርህን መቼ ዘግተህ ታውቃለህ።»

ሙሄ ሳቅና ለቅሶ የተቀላቀለበት ድምፅ አወጣ። ጋሽ ተገኘ ቀጥ ብለው ቆሙ። ያን ያህል ረጅም ሰው መሆናቸውን አላስተዋልኩም ነበር። «ቃሉን የማያውቅ ወፍ፣ ወፍ አይደለም» አሉ ለሕዝቡ። «አውጫጭኙ ፈርሷል። እኔ ሰብሳቢው አፍርሼዋለሁ።»

«ምን ያፈርሳል!» ካድሬው ወደ አያ እንድሪስ ጎንበስ አለ። «ሽማግሌ፣ አንተ ራስህ አይደለህ ልጄ ነው ያልከው? ልጅህን ነው የጠራኸው!»

አያ እንድሪስ ገና ጆሯቸው ይጮህ ነበር። ወደ ሚስታቸው ቀና አሉ። «ምን አለ?»

እትዬ ዘሃራ እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «ልጅህን ጥራና ውሃ ጠጣ ነው የሚልህ» አሉ።

ካድሬው ሽጉጡን መዘዘ። ታጣቂዎቹን ቢያያቸው የአካባቢው ሰዎች የሆኑት አፈሙዛቸውን ወደ መሬት ዘቅዝቀዋል። ሰድቧቸው ራሱ ወደ ሰይድ ተራመደ፤ የሰይድ ደረት ላይ አነጣጠረ። ሲተኩስና ሙሄ ክንዱ ላይ ሲወድቅበት እኩል ነበር። ጥይቱ የሰይድን ግራ ክንድ ከትከሻው ሥር በጣጥሶት አለፈ። የአጥንት ስብርባሪ ግንዱ ላይ ሲለጠፍ አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ሕዝቡ አልተያዘም። ከዋርካዋ ዙሪያ ድንጋይ አነሳ። ካድሬው ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ወደቀ፤ ከወደቀም በኋላ አልተዉትም። አንዲት ሴት በጀሪካን ፊቱን ደጋግማ ስትመታው ነበር፤ ጣቱ የተሰበረው ልጅ እናት ናት። አብረውት የመጡት ወደ ሰማይ እየተኮሱ ጎትተው አወጡት፤ በበቅሎ ጭነው ወሰዱት። አንድ ዓይኑ እንደጠፋ ቆይቼ ሰማሁ። ደስ አላለኝም፤ አላዘንኩለትምም።

ሙሄ ያንኑ ምሽት ጫካ ገባ። እኔ በማግሥቱ ተይዤ ታሰርኩ። በእስር የሆነብኝን ሌላ ጊዜ ድፍረት ካገኘሁ እጽፈው ይሆናል። ጠመንጃውን የወሰደው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ሰይድ ክንዱ ከትከሻው ተቆርጦ ዳነ።

እናንተ የምታነቡ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ደፋር አልሆንኩም። አሁንም ስብሰባ ላይ ከጥግ ነው የምቀመጠው። የተለወጠብኝ ሌላ ነገር ነው። ጸጥታ ሳይ ደህንነት አይመስለኝም። አንድ ሽማግሌ በሐሩር ውስጥ ደርቆ፣ ዝም ብሎ ቢቀመጥ «ምን ሆነ፣ አልላበውም» ብዬ አላልፍም፤ ወደ ጥላ እወስደዋለሁ፣ ባይጠማውም አጠጣዋለሁ፣ እጄን ብብቱ ሥር አስገባለሁ። አንዳንዱ ይቆጣኛል። ቤታችሁ ውስጥ አባት ወይም አያት ያላችሁ፣ በበጋው ሐሩር እናንተንም ይቆጧችሁ፣ ግን ንኩ። የሚጮኸውን ማንም ይሰማዋል።

ይህን እስከ ዛሬ ያልጻፍኩበትም ምክንያት አለኝ። አያ እንድሪስ ያን ቀን ሰይድን የጠራ «ወፍ» እንደነበር ከሰው አፍ ሰምተዋል፤ ካድሬው የልጃቸውን ስም ይዞ እንደነበር ያውቃሉ። ያን ቀን አጠገባቸው የተባለውን ግን ሕመሙ አስረስቷቸዋል፤ ወፉ ራሳቸው መሆናቸውን የነገራቸው የለም። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ሕፃናቱ ሳይቀሩ፣ ማንም ሳይመክር ዝም አለ። ከእስር ከወጣሁ በኋላ አንድ የገበያ ቀን ሐይቅ ድረስ ሊጠይቁኝ መጡ። ቁጭ ብለው ብዙ ተጫወትን። ሊሄዱ ሲሉ «መምህርት፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ» አሉኝ። «ልጄን የጠራው ሰው ማን ነበር? ተገኘን ብጠይቀው በአውጫጭኝ ሕግ ወፍ አይነገርም ይለኛል። አገሩን ሁሉ እያየሁ ይሆን፣ አይሆን እላለሁ። ጎረቤቴን ጠርጥሬ እንዳልሞት ነው የፈራሁት።»

«ከጎረቤቶችዎ አንዱም አይደለም» አልኳቸው። የምችለው እስከዚያ ነበር።

ባለፈው ዓመት፣ ዘጠና ሊደፍኑ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ታመው ሊያርፉ ሲሉ ሄጄ አልጋቸው አጠገብ ነበርኩ። ሰይድ በቀኝ እጁ እጃቸውን ይዞ ነበር። የበደላቸውን፣ ያስቀየማቸውን ሁሉ በስም እየጠሩ አውፍ አሉ፤ ይቅር አሉ ማለት ነው። በመጨረሻ ትንሽ ካረፉ በኋላ ዓይናቸውን ወደ ሰይድ መለሱ።

«ያንን፣ አንተን የጠራህንም ሰው» አሉ፤ «ስሙን ባላውቀውም አውፍ ብዬዋለሁ። በሕይወት ካለ ንገሩት።»

ሰይድ አጎንብሶ ግንባራቸውን ሳመ።

«ሰምቷል፣ አባ» አላቸው።